እስከ ምርቃቱ የሚደርስ ባትሪ

በዚያ ዓመት ሐዋሳ የምትኖረው በፈረቃ ነበር። መብራት አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ታቦር ሰፈር የምንኖር ሰዎች ልብስ የምንተኩስበትም፣ ስልክ ቻርጅ የምናደርግበትም፣ ደስ የሚለንም ቀን በእሱ ሆነ። ከመሥሪያ ቤት ደክሞኝ ስገባ መጀመሪያ የማየው አምፖሉን ነው። ካልበራ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ። እንዲህ ሰልችቶኝ በነበረበት ዘመን ነው እንግዲህ የባትሪ መርማሪ የሆንኩት።

ነገሩ የጀመረው ከወንድሜ ሰርግ ነው። አባታችን ልጁን ከዳረ በኋላ ብዙም አልቆየም። ሰርጉን የቀረጸው ቪዲዮ ቤት ደግሞ እንደ ቪዲዮ ቤቶች ሁሉ "የሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በይ" እያለ ሲያመላልሰኝ፣ አባቴ ታሞ፣ ሞቶ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ነው ፊልሙ የደረሰው። ወንድሜ ኑሮው አዲስ አበባ ስለሆነ ምልልሱ ለእኔ ተትቶ ነበር።

ለቅሶው ላይ የአባቴ እህት እናቴን አቅፋ እያጽናናች "ሲመርቃቸው ስለ አንቺ የተናገረው እኮ!" አለቻት። እናቴ አልሰማችም ነበር። ባሏ ማይክ ይዞ ሲመርቅ እሷ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ታስወጣ ነበር። ምን እንዳለ አክስቴን ብትጠይቃት "እኔማ ሳለቅስ ምኑን ልያዘው፣ ብቻ ሰው ሁሉ አጨበጨበ" ብላ አረፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያን ንግግር መስማት።

"ፊልሙ ሲመጣ አይቼ እነግርሻለሁ" ብላት ተቆጣች።

"ከራሱ አፍ ነው የምሰማው። አንቺን ማን አስተርጓሚ አደረገሽ?"

ጥሩ፣ ትስማ። ግን የት? እናቴ የምትኖረው ቱላ፣ አባቴ ጡረታ ሲወጣ በሠሩት ቤት ነው። እዚያ ሰፈር የመብራት ምሰሶ ከተተከለ ቆይቷል፣ ሽቦው ግን አልመጣም። ምሰሶው ላይ ፍየል ይታሰርበታል። እኔ ቤት ነይ እንዳልላት፣ ባሌ ሞቶብኝ ዓመት ሳይሞላ ሰው ቤት አልሄድም ብላ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከግቢዋ ንቅንቅ አትልም። ወንድሜ መላ አገኘሁ ብሎ ሲገለገልበት የነበረውን ሚኒ ላፕቶፕ ላከልኝ። ከደብተር ብዙም አይበልጥም። "ባትሪው ትንሽ ደከም ብሏል" አለኝ በስልክ። ደከም ያለ ነገር ሁሉ የሚላከው ወደ እኔ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ፊልሙን በፍላሽ ገለበጠልኝ። አንድ ወጥ፣ ረጅም ፊልም ነው፤ ምርቃቱ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ወደ ፊት ልዝለል ስል ላፕቶፑ ሀንግ ያደርጋል፤ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፤ አጥፍቶ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለውም። ስለዚህ እናቴ ባሏን እንድትሰማ ባትሪው ሰርጉን በሙሉ መቻል ነበረበት፤ ሙሽራው ከረባት ከሚያስርበት ጀምሮ።

መብራት በሚመጣበት ቀን ቻርጅ አደርጋለሁ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ገመዱን ነቅዬ፣ ፊልሙን ከፍቼ፣ ሽሮዬን እየበላሁ አያለሁ። መጀመሪያ ሚዜዎቹ መኪና ሲያስጌጡ ድርግም አለ። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። የሙሽሪት ወገኖች በሩን ይዘው ሲከራከሩ ጠፋ። የኢንተርኔት መቀበያውን ዘጋሁ፣ ወንድሜ የጫነበትን ጌምና ኮተት ሁሉ አጠፋሁ፣ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ። ኬክ ሲቆረስ ጠፋ። ብርሃኑን ደግሞ ቀነስኩና ሙሽሮቹ ጥላ መሰሉ። በዚያኛው ሙከራ አባቴ ጋ ደረሰ።

አለቀስኩ። ኮቱን እየጎተተ ሲነሳ፣ ማይኩን እንደ ጭልፋ ሲይዘው፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ግን ባትሪ አንድ ጊዜ ስለደረሰ አይታመንም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ከዚያም ደጋገምኩ። የት ላይ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ፣ የት ላይ እንደሚያስል፣ የትኛው ቃል ላይ ድምፁ እንደሚሰበር አወቅሁ። ዓይኔ እሱን ትቶ ቀይዋን የባትሪ ምልክት ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ራስ ምታቴ ተነስቶብኝ "አባባ፣ ቶሎ በላ፣ ሊያልቅብህ ነው!" ብዬ ጮህኩበት። አዎ፣ የሞተ አባቴ ሰልችቶኝ ነበር። ሚስቱ አንዴ ለመስማት የምትናፍቀውን እኔ ጠግቤው ቁጭ ብያለሁ።

እሑድ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ቱላ ደረስኩ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ጠረጴዛው ላይ የታጠበ ጨርቅ አንጥፋ ትጠብቀኛለች። አክስቴም ቀድማኝ መጥታለች።

"ዘፈኑ ሲመጣ ድምፁን አጥፊው" አለች እናቴ። "የሐዘን ቤት ነው።"

ይህንንም አስቤበት ነበር። ያላሰብኩት የእናቴን ይሉኝታ ነው። እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐዘንተኛ የሚጠይቅበት ቀን ነው። ወንድሜ ከረባቱን አስሮ ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ምርኩዝ የሚይዙት የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ተነሳን።

"ኖር!"

"በእግዚአብሔር! ኧረ ተቀመጡ፣ በሞቴ!"

እሳቸው ካልተቀመጣችሁ፣ እኛ እርስዎ ይቀመጡ ስንባባል ፊልሙ ብቻውን ሄደ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ለእሳቸው ከመጀመሪያው አድርጊላቸው።"

"እማዬ፣ ባትሪው እኮ..."

"እንግዳ ከመሀል ይጀመርለታል እንዴ?"

ከመጀመሪያው አደረግሁ። ሚዜዎቹ መኪናው ጋ ሲደርሱ የእድር ሴቶች ገቡ። ኖር! በእግዚአብሔር! ከመጀመሪያው። ቀጥሎ ወተት ይዛ የምትመጣው ሲዳማ ጎረቤቷ ብቅ አለች። እሷ እንኳ የእኔን ፊት አይታ "ተይው፣ እኔ እዚህ ጋ ቆሜ አያለሁ" ብላ ነበር፤ እናቴ እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና በዓይኗ አዘዘችኝ። ወንድሜ እንደገና ከረባቱን አሰረ። ባሰረ ቁጥር እንዲያንቀው ተመኘሁ።

"በሩን ለትንሽ ጊዜ ልዝጋው?" አልኳት በጆሮዋ።

"ሲያለቅሱልኝ ክፍት የነበረ በር ዛሬ ይዘጋል?"

በሩን ትቼ ወደ ላፕቶፑ ተመለስኩ። ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው ይበልጥ ያደከመኝ። ሰው መግባቱን ሲያቆም ፊልሙ ሄደ፤ በሩ ላይ ክርክሩ አለፈ፣ ኬኩ ተቆረሰ። ቀይዋ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ የእኔም ልብ አብሯት። በመጨረሻ አባቴ ተነሳ። ኮቱን ጎተተ፣ ማይኩን ተቀበለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና "ይሄ ነገር ይሰማል?" አለ።

እናቴ ከተቀመጠችበት "ይሰማል" አለችው።

ስክሪኑ ጠፋ።

አክስቴ ጭኗን መታች። ሽማግሌው ምን እንደሆነ አልገባቸውምና "ጨረሰ እንዴ?" አሉ። እኔ የማይነሳውን ላፕቶፕ ማብሪያ ደጋግሜ ተጫንኩት። ልናደድ ወይስ ላልቅስ? ለሁለቱም ጉልበት አልነበረኝም። "የሚቀጥለው እሑድ ቻርጅ አድርጌ አመጣዋለሁ" አልኩ። አፌ ልክ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ሆነ።

እናቴ ጥቁሩን ስክሪን ብዙ አየችው። ከዚያ "አንቺ ስንቴ ሰማሽው?" አለችኝ።

"ብዙ ጊዜ።"

"በቃልሽ ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"እንግዲያው በዪ። እሱ እንዳለው፣ ምንም ሳትጨምሪ።"

ተቀምጬ ልለው አልቻልኩም፤ እሱ ቆሞ ነው ያለው። ተነሳሁ። ሳላስበው ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ልጆቼ፣ ውለዱ፣ ክበዱ" አልኩ። "አብራችሁ አርጁ።"

"አሜን" አለች እናቴ። ቤቱ ሁሉ አሜን አለ።

"ቤታችሁ እንግዳ አይጣ።"

"አሜን።"

እዚህ ላይ ነው የሚያስለው። እኔም ቆየት አልኩ። "እናታችሁን አታዩአትም። አሁንም ከድንኳኑ ጀርባ ጭስ ውስጥ ናት። ይሄን ሁሉ ዘመን ከእጇ ስበላ አንድ ቀን ጣፈጠኝ ብያት አላውቅም። ጣፍጦኝ ነው ዝም ያልኩት።" እሱ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ ላይ የእኔም ተሰበረ፤ አስመስዬ አልነበረም። "አንተ ልጄ ግን እንደ እኔ አትሁን። ንገራት።"

አሜን ያለ ሰው የለም። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ከሥሩ ሆና "ጣፍጦት ነው?" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ያ ሁሉ የሰለቸኝ ንግግር ያኔ ገና መሰማቱ ነበር፤ ለእኔም።

በሩ ተንኳኳ። ከታችኛው መንደር የመጣች፣ የአባቴን ሞት ዘግይታ የሰማች ዘመዳችን ናት። ሁላችንም ተነሳን። ኖር! በእግዚአብሔር! እናቴ ፊቷን ጠርጋ፣ ጎኗ አስቀመጠቻትና ወደ እኔ ቀና አለች።

"ከመጀመሪያው በዪላት" አለችኝ።