አውራሪሷ ልጇን ያቆመች ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ በሱዳን ጠረፍ ባለችው ከተማችን በኮኪት ቤት የተሠራው ለዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ የሚያመሸው ደጅ ነበርና። ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ አንገረቦቹን፣ የጠፍር አልጋዎቻችንን፣ ግቢው መሃል ያወጣል፤ እናቴ ለወባ ትንኝ ኩበት ታጨሳለች፤ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል። ያኔ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ አንገረባቸው ላይ ጋደም ብለው ወግ ይጀምራሉ። ወጋቸው የጅብና የቀበሮ አልነበረም። በወጣትነታቸው በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው፣ አረብ አገር ዘሩ እንዳይጠፋ አውራሪስ በሚያራቡበት የእንስሳት ማቆያ ለዓመታት ሠርተዋል። የሚያወሩልንም ዘሃራ ስለምትባል አንዲት አውራሪስ ነበር፤ በብረት ሣጥን ተጭና ስለመምጣቷ፣ ቀንዷን ከፍርግርጉ ጋር እያፋተገች ስለማሳጠሯ፣ ጭቃ ላይ ስትንከባለል እንደ ሕፃን ስለመደሰቷ።

አንድ ክረምት ለሰሊጥ አረም ሁላችንም ከከተማው ርቆ ወዳለው እርሻችን ወርደን ሳለ እናቴን ምጥ ያዛት። መንገዱ ጭቃ ነበር። የጫናት ትራክተር ተዋጠ፤ ሸሕዲ ሆስፒታል ሳትደርስ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ትሠራለች እንጂ ከሰው አታወራም። ማታ ከእኛ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች።

ቀጥሎ በመጣው በጋ አንድ ምሽት አያ ሞላ እንደ ልማዳቸው ስለ ዘሃራ ሲያወጉ «የመጀመሪያ ልጇ እኮ ሞቶ ነው የተወለደው» አሉና ወጉን አቋረጡት። ምን እንደተናገሩ የገባቸው ያኔ ነው።  

«ከዚያስ?» አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

«ተይው እህቴ፤ የአውሬ ነገር ነው።»

«ይንገሩኝ እንጂ፣ አያ ሞላ።»

ተነሥታ መጥታ ከአንገረባቸው ሥር ተቀመጠች። እሳቸውም ቀጠሉ። ዘሃራ ሬሳውን አላስነካ ብላ ሙሉ ቀን ቆማበት ዋለች፤ ከወሰዱባትም በኋላ ቦታውን እያሸተተች እህል ውኃ አልቀምስ አለች። የእንስሳት ሐኪሞቹ ዳግመኛ መውለዷን ተጠራጠሩ። እሷ ግን ውላ አድራ በላች፤ ከዓመታት በኋላም ደግማ ፀነሰች። ሁለተኛው ግልገል ሲወለድ በእግሩ መቆም አቃተው። ሐኪሙ ገብቶ ሊያግዝ ቢሞክር ዘሃራ አጥሩን በግንባሯ መታችው። በአፍንጫዋ ከሆዱ ሥር ገብታ ታነሣዋለች፤ ይወድቃል፤ ደግማ ታነሣዋለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቆመና ጡቷን ያዘ።

 በማግስቱ እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰማኋት።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ፀንሳ ሳለ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። አባቴ ለእርሻው ጉዞ ዕቃ ሲያሰናዳ «እኔ ዘንድሮ አልወርድም» አለችው። «ዝናቡ ሳይገባ ሸሕዲ እገባለሁ። እስክወልድ እዚያው እቀመጣለሁ።»

«ሠራተኛውን ማን ያብላው? አረሙስ?»

«ሰሊጡን ሣር ይብላው!»

አባቴ አያ ሞላን ቀና ብሎ አየ፤ እሳቸው ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በሳምንቱ እኔንና አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ወንድሜ ሸሕዲ ተወለደ፤ ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞላው።

ኮኪት ከተመለስን በኋላ አያ ሞላ የደበቁትን መጨረሻ ነገሯት። ግልገሉ ሲጎለምስ ከባዕድ ዘር ጋር እንዲራባ ወደ ሌላ አገር ተወሰደ፤ ዘሃራም በሩን በሩን ስታይ ሰነበተች።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው የተውኩት» አሏት።

እናቴ ወንድሜን እያጠባች ቀና አለች። «ምን ይከፋኛል? በእግሩ ቆሞ እኮ ነው የሄደ።»

አውራሪስ እስካሁን በዓይኔ አላየሁም። ያኔ አያ ሞላ እናቴን ያጽናኗት ይመስለኝ ነበር፤ እኔም ወልጄ ሳስበው ግን የተጽናናችበት አይመስለኝም። ቆርጣ የተነሣችበት ነው። ኀዘኗ አብሯት ኖረ፤ ሞቶ ለተወለደው ሕፃን ያወጣችለትን ስም ዛሬም በጸሎቷ ሳትጠራ አትተኛም።