የእንግዳው ክዳን

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ ላክ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ሱቄ አሮጌ አኳሪየም ተሸክሞ መጣ። እኔ የምነግደው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ አንዱ የጠላውን ገዝቼ ሌላው እስኪወደው እጠብቃለሁ፣ ሙያዬ ይኸው ነው። መስታወቱን አንኳኳሁ፣ ጥጉን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ደህና ነው። “ክዳኑስ?” አልኩት። “ክዳን ምን ያደርጋል? ዓሣ የት ይሄዳል?” አለኝ። ዓሣ የት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው በደቾች አገር፣ ሙርዋይክ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ስኬቨኒንገን ወደቡ አጠገብ፣ ዓሣ በጭስ የሚያበስሉበት ቤት ይሠራ ነበር። ጃኬቱ የእንጨት ጭስና የባሕር ጨው ይሸታል፤ ትራም ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፣ እኔ ግን አፍንጫዬን እጅጌው ውስጥ ቀብሬ እተኛ ነበር። እዚያ ከሚያጨሱት ሁሉ ውዱ እባብ የመሰለ ረጅም ዓሣ ነው፣ ያገሩ ሰው ፓሊንግ ይለዋል። በበርሜል በሕይወቱ ይመጣል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ እስኪሞት ይጠበቃል። አንዱ ግን ሌሎቹ ሁሉ ዝም ካሉ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ አባቴን አየው። እንዲህ ያለው አባቴ ነው እንጂ ዓሣ አንገት የለውም።

በማዮኔዝ ባልዲ ይዞት መጣ። እናቴ ገልጣ አየችና ወንበር ላይ ወጣች። “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር” አለች እዚያው ላይ ሆና። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይበላ ነገረችው። “ማን ብዪው አለሽ?” አላት።

ሰው መንገድ ዳር የጣለው የመስታወት ገንዳ አግኝቶ አጠበና ሳሎን አስቀመጠው። ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር ክዳን ቆረጠለት፣ በላዩ ጡብ ጫነበት። “ይኼ ግድግዳ ይወጣል፣ በእርጥብ ሣር ላይ ይሄዳል” አለኝ። ስሙንም እንግዳው አለው። እናቴ ግን እስከ መጨረሻው “ያ ነገር” ነበር የምትለው። ዝናብ ባባራ ቁጥር ከሕንፃው ጀርባ ወርደን ትል እንቆፍርለታለን፤ የዚያ ጥቁር አፈር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የሰፈሩ ልጆች፣ ሞሮኮውም ሱሪናሙም፣ ሊያዩት ይመጣሉ። ከረሜላ ያልያዘ አይገባም። የመጀመሪያው ንግዴ እሱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ትርፍ ያለው ሥራ አላገኘሁም።

ከዚያ አባቴ ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ፊቱ የሻማ መልክ ያዘ፣ ሥራውን ተወ። ሃውስአርትሱ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ሆስፒታል ላከው፤ እዚያ ኩላሊቱ እንደደከመና ደሙን የሚያጥብ ማሽን ላይ ካልተኛ እንደማይቆይ ነገሩት። አባቴ እምቢ አለ። “ደሜ ከወጣ በኋላ የሚመለሰው የእኔው መሆኑን ማን አየ?” ይላል። ጸበል ይበቃኛል ብሎ ቀኑን ሙሉ ገንዳው ፊት ይቀመጣል። እንግዳውም በዚያ መከር ሆዱ ብር መስሎ፣ ዓይኑ ተልቆ፣ ትሉን ተወ፤ ወደ ባሕር መሄጃው ሲደርስ እንዲህ እንደሚሆን ያወቅሁት በኋላ ነው። “አየሽ ሚጣ? ሳይበላም ይኖራል” ይለኛል አባቴ። እናቴ ይህን ስትሰማ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ልቅሶዋ እንዳይሰማ።

አባቴ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የነፍስ አባታችን። እናቴ ከሮተርዳም አስጠራቻቸው። ሆስፒታሉ የመጨረሻ ቀጠሮ የሰጠው ለማግስቱ ጠዋት ነበር። አባ ሲያዩት እባብ መስሏቸው ወሬው ወደዚያ እንዳይሄድባት ፈርታ ጡቡን አነሳች፣ ገንዳውን ከነጣውላ ክዳኑ ነጠላ አለበሰችው፣ በላዩ ድፎ ዳቦ አስቀመጠች። ጠረጴዛ መሰለ።

አባ ጸልየው ጸበል ሲረጩ ከዳቦው ሥር ውሃ ተንቦራጨቀ። ዳቦው ዘለለ። “ማሞቂያው ነው አባ” አለች እናቴ። እኔ ደግሞ ለቄስ እንዴት እንደሚወራ ገና አልገባኝም፤ “አንተ፣ ውሃ አታብዛበት፣ እንግዳው ይደነግጣል” አልኳቸው። እናቴ ቆነጠጠችኝ። አባ ነጠላውን ገለጥ አድርገው በመስታወቱ በኩል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

“ቅርፊት አለው?”

“አለው አባ፣ ከቆዳው ሥር ደብቆት ነው” አለ አባቴ።

“ታዲያ አንተም ሕመምህን እንዲሁ ነው የምትደብቀው?” አሉት። ከዚያ መስቀላቸውን አነሱ። “ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንዱ ነው። ነገ ሆስፒታል ትሄዳለህ። በሥላሴ ስም ገዝቼሃለሁ።” ግዝት አይፈርስም፤ የማያውቅ ሰው ይሳቅ። አባቴ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ፣ “እሺ አባ” አለ። እናቴ ከደስታዋ ብዛት ነጠላውን ገንዳው ላይ ትታ ዳቦውን ከነጣውላው አንስታ ወጥ ቤት ወስዳ እዚያው ላይ ቆረሰችው። እንዲህ የሣቅንበት ቀን አልነበረም።

ጠዋት ገንዳው ባዶ ነበር። ነጠላው ረጥቦ ወለሉ ላይ ወድቋል። አባቴ በዚያ እብጠቱ በጉልበቱ እየዳኸ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር ፈለገ። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ በበራችን ሥር ሾልኮ፣ ደረጃውን ሁሉ ወርዶ፣ ከታች ብስክሌት ከሚቆምበት ዘንድ፣ አቧራ ለብሶ፣ አፉን ወደ መንገዱ በር አዙሮ ተጋድሟል። ይተነፍሳል።

አባቴ ባልዲው ውስጥ አደረገውና ጃኬቱን ለበሰ። “ወዴት ነው? ቀጠሮው ሊያልፍ ነው” አለች እናቴ።

“መጀመሪያ ይህን አድርሼ።”

“ግዝቱስ?”

“አባ ነገ ሂድ አሉኝ እንጂ በስንት ሰዓት አላሉም።”

እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ዘወር አለችለት። “አብረሽው ሂጂ” አለችኝ።

ትራም ቀይረን ስኬቨኒንገን ሄድን። አንዲት አሮጊት ባልዲውን አየት አድርገው በቅቤ ቢጠበስ ግሩም እንደሆነ ነገሩን። አባቴ በዚያ በተሰባበረ ደችኛው “ዘመድ ነው” አላቸው። ወደቡ ላይ ንፋሱ ፊት ይገርፋል። መጎንበስ ስላቃተው ደረጃውን ወርጄ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እንግዳው ድንጋዩ ሥር ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ተጠማዞ ጠፋ። ሽቅብ ሳይ አባቴ ይስቃል። መርከብ የሚያስሩበት ብረት ላይ ተቀመጠ። “ሚጣ፣ ትንሽ ልረፍና ወደ ቀጠሮዬ እንሄዳለን” አለኝ።

ባዶውን ባልዲ ይዤ ጠበቅሁት። ጃኬቱን ስጎትተው ወደ ጎን አዘነበለ። ዓሣ አጥማጆች ሮጠው መጡ፣ አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ነፍሱ ነበረች፤ ማሽኑንም አሰሩለት፣ ልቡ ግን አልቆየለትም። ሳይመሽ ሞተ። ግዝቱን አላፈረሰም።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ዳቦ ሲቆርሱ እናቴ ከሥሩ ያለውን ጣውላ፣ የገንዳውን ክዳን፣ አየችው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንግዳው እንዴት እንደወጣ ማናችንም አልጠየቅንም ነበር። ፍርፋሪውን በእጇ ጠራርጋ፣ ጣውላውን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። አሁን አርጅታለች፣ ሙርዋይክን አልለቀቀችም። ጣውላው አልጋዋ ሥር አለ፤ ምንም አይቆረስበትም።

ዛሬ የሰፈሩ ልጆች ዓሣቸው ስልክ ውስጥ ነው፣ አይርበውም፣ አይሄድምም። ልጄ እኔን አንቺ፣ አያቱንም አንቺ ይላል፤ እሷ አትቆነጥጠውም። ለዚያ ጎረምሳ፣ ክዳን የሚሆን ጣውላ ካልተገኘ አኳሪየሙን እንደማልገዛው ነገርኩት፤ እብድ መሰልኩት። ከሱቄ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ የተጨሰ ፓሊንግ ይሸጣል። ጭሱ ሲነሳ ሥራዬን አቁሜ ትንሽ እቆማለሁ። ዳቦ ላይ አድርጎ ይዘረጋልኛል፣ ለጉርብትና ብሎ።

“ጾም ነው” እለዋለሁ።

“ዛሬም?”

“ዛሬም።”

“ይህ ጾማችሁ መቼ ነው የሚፈታው?” ይለኛል። ዳቦውን ራሱ ይበላዋል፤ እኔ ጭሱ የነካውን እጅጌዬን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ።