«አዋጭ ነው» በል

የታሰርኩባት ክፍል መስኮት የላትም። የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ስለሆነ ሁላችንም ከእሱ ሸሽተን ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቀን እንውላለን። ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ካለችው ምግብ ቤቴ ወታደሮች ይዘው ያመጡኝ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ነው።

ጥፋቴ አንድ የድምፅ መልእክት ነበር። ከአገር ቤት ወደ ጁባ መምጣት የሚያስብ ሰው ንብረቱን ከመሸጡ በፊት የነጋዴዎች ግሩፕ ውስጥ ገብቶ «አዋጭ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ የቆየ ሰው ይመልስለታል። በዚያ አንድ ቃል ቤት ይሸጣል፣ ከብት ይሸጣል። የእህቴ ልጅ ባጃጁን ሊሸጥ ሲጠይቅ፣ «ወታደሮቹ በልተው ሳይከፍሉ ይሄዳሉ። አዋጭ አይደለም፣ አትምጣ» አልኩት። ከግሩፑ አንዱ አሳልፎ ሰጠኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት መኮንኑ ቢሮ ወሰዱኝ። አስተርጓሚው ኢትዮጵያ በስደት ያደገ የጁባ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል።

«ጋሼ፣ ‹አዋጭ› ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው? አለቃዬ መንግሥትን መስደብ ነው ይላል።»

«ወጪውን ችሎ የሚተርፍህ ሥራ ነው አዋጭ የሚባለው። ስድብ የለበትም።»

ተረጎመለት። መኮንኑ ሳቅ አለና ስልኬን ገፋ አደረገልኝ።

«እንግዲያው አዋጭ ነው ይበልና ዛሬውኑ ቤቱ ይግባ፣ ይላል» አለኝ ልጁ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ በጣም ፈልጌ ነበር። ግን ካልኩ የእህቴ ልጅ በማግስቱ ባጃጁን ይሸጣል። ስልኩን አነሳሁና «ደህና ነኝ። ስለ ሥራው ያልኩት ያው ነው» ብዬ ላክሁት።

መኮንኑ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «አለ?» ብሎ በአረብኛ ጠየቀው።

ልጁ እኔን ሰረቅ አድርጎ አየና «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ሊዋሽልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ሲደረስበት ደግሞ እኔው አጠገብ መወርወሩ ነው። ቀደምኩትና በጁባ አረብኛ «አና ማ ኬሊም» አልኩ። አላልኩም።

ሁለት የፊት ጥርሶቼ እዚያው ቢሮ ቀሩ። ወራት ቆይቼ ስወጣ ምግብ ቤቷን ሌላ ሰው ይዟታል።

አሁን «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር ተቀጥሬ ወጥ እሠራለሁ። የእህቴ ልጅ ባጃጁን አልሸጠም። ሰሞኑን ደውሎ «አጎቴ፣ አሁንስ አዋጭ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። ቃሉ በጥርሶቼ ክፍተት እያፏጨ ወጣ።