ያልተተኮሰባት ጠመንጃ

ቁልፍ ሠሪው ጨዋታ ያውቃል። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቁ፣ ሞርሳው ላይ አጎንብሶ ቁልፍ ሲሞርድ ደንበኛ ካቻኮለው፣ «ከቸኮልክ በመስኮት ግባ» ይለዋል። ቁልፏን ለሦስተኛ ጊዜ ለጣለች ጎረቤቱ ደግሞ፣ «በሩን ብትጥይው ይሻልሽ ነበር» ብሏታል። ሠፈሩ እንዲህ ሲስቅለት ይውላል። ስለ ውትድርናው የጠየቀው ሰው ግን ያ ጨዋታ ወዴት እንደገባ ይጠፋበታል። ሞረዱን አንስቶ ሥራው ላይ ይደፋል፣ ከዚያ ወዲያ በመጥረቢያ ቢፈልጡትም ቃል አይወጣውም።

የተወሰደው ጺሙ ገና ሳይጠነክር ነበር። በዚያ ዘመን ወዶ የዘመተ ብርቅ ነው፤ ዕድሜው የደረሰ ወጣት ሁሉ ይታፈስ ነበር። መልማዩ መኮንን ሥራውን ቢጠይቀው፣ ከአባቱ ጋር ቁልፍ እንደሚሠራ ተናገረ። መኮንኑም፣ «ቁልፍም ብረት፣ ጠመንጃም ብረት» ብሎ መሣሪያ ጥገና ክፍል ወረወረው። አብረውት የታፈሱት ልጆች ምሽግ ሲወርዱ እሱ ዘይትና ጨርቅ ተረከበ። እናቱ ይህን ስትሰማ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

መሣሪያ ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። ኃላፊው አንድ አዛውንት ሃምሳ አለቃ ነበሩ። የሚቆርሱት ዳቦ ሳይቀር የጠመንጃ ዘይት ስለሚሸት ወታደሩ ሁሉ ዘይቴ ይላቸዋል። እሳቸውም ስሙን ስለለመዱት በትክክለኛው ስማቸው ሲጠሩ ዞር አይሉም ነበር።

ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ የሙታንን ዕቃ ለሕያዋን ማዘጋጀት ነው። ጠመንጃው ከግንባር በጭነት መኪና እንደ ማገዶ ተከምሮ ይመጣል። ሰደፉ ላይ የደረቀው ደም በናፍጣ ይታጠባል። ባለቤቱ በቢላ የቀረጸው ነገር፣ የራሱ ስም ይሁን የሴት ልጅ ስም፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ከዚያ ዘይት ጠጥቶ ለአዲስ ምልምል ይታደላል። ምልምሉ ሁልጊዜ፣ «የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ሁልጊዜ፣ «የመንግሥት» ነው። ወጣቱ መጀመሪያ ሰሞን ስም ፍቆ በዋለበት ቀን እህል አልወርድለት ይል ነበር። ቆይቶ ግን እየፋቀ ማፏጨት ለመደ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረውም ያ ማፏጨት ነው።

ዘይቴ ጠመንጃ ማንበብ አስተማሩት። «የሚጠገነውን ብቻ አትይ። አፈሙዙን እይ፣ ካዝናውን እይ፣ ምላጩን እይ። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ምን ሲያደርግ እንደነበር ታውቃለህ» ይሉታል። እውነትም አወቀ። ይሄ ጥይት ጨርሶ ነው፣ ይሄ ገና ሲያጎርስ ነው፣ ይሄ ጥይት ተቀርቅሮበት ሲታገል ነው እያለ፣ ያላያቸውን ሰዎች መጨረሻ ከብረት ላይ ያነብ ጀመር። ለጤና የሚሆን ትምህርት አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሙ ታፈሰ። ሥልጠናውን ጨርሶ መሣሪያ ሊረከብ በመጣ ዕለት፣ ታላቅየው ከመደርደሪያው ሁሉ የተሻለችውን አወጣለት። ሰደፏ ተሰንጥቆ እሱ ራሱ በመዳብ ቁራጭ የጠገናት፣ አፈሙዟ ግን እንከን የሌለባት ጠመንጃ ነበረች።

«ሲሚንቶ ላይ እንዳትጥላት። ስታስቀምጣት ጥይቷን አውጣ፣ ካዝናዋን ንቀል፣ ቆልፋት፣ አፈሙዟን በጨርቅ ድፈን። አፈር ከገባባት አንተኑ ነው የምትገድልህ» አለው።

«ጋሼ፣ ጠመንጃ ነው የምትሰጠኝ ወይስ ልጅህን ልትድርልኝ ነው?» አለና ታናሽየው ሳቀ።

«አትቀልድ። እማዬ አደራ ብላኛለች።»

«እሺ አልቀልድም። እደፍናለሁ፣ እቆልፋለሁ፣ ጉንጯንም እስማለሁ።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ተለያዩ። ታላቅየው መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ፣ ተመልሶ ሥራው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው የመዳብ ጥገና ነበር። ሲያጣው እፎይ ብሎ ወደ ሌላው ሰው ልጅ ጠመንጃ ይዞራል።

አንድ ቀን ጧት አገኘው።

ግንባሩ ተሰብሮ ጦሩ ካፈገፈገ በኋላ፣ ተለቆ እንደገና ከተያዘው ምሽግ የተለቃቀመ መሣሪያ መጥቶ ነበር። ከክምሩ መዘዛትና ጠረጴዛው ላይ አጋደማት። አፈሙዟ ከሸሚዝ እጅጌ በተቀደደ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ተደፍኗል። ካዝናዋ ተነቅሎ፣ ጥይቱ እንደሞላ፣ በጫማ ክር ሰደፏ ላይ ታስሯል። ተቆልፋለች። ጨርቁን ነቅሎ ወደ ውስጥ ቢያይ አንድም የተተኮሰበት ጥላሸት የለም። ጥይት የመታው ሰው አፈሙዝ አይደፍንም። ወንድሙ በገዛ እጁ፣ ተረጋግቶ፣ አስቀምጧት ሄዷል። ወንድሙ በሕይወት አለ!

ጠመንጃዋን እንዳቀፈ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ግን ደስታው ብዙም አልቆየለትም፤ ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ እንደሚመጣ ትዝ አለው።

ሻምበሉ ካፈገፈጉት ጋር ያልተመለሱትን ወታደሮች ጉዳይ የሚቆርጥ ሰው ነው። አቆራረጡም አጭር ነበር። ሲማረክ ያየው ሰው ካለ ተማርኳል። ያየው ከሌለ በስሙ የተመዘገበው ጠመንጃ ይታያል፤ ተተኩሶበት ከሆነ ባለቤቱ ወድቋል፣ ካልተተኮሰበት ከድቷል። የከዳ ወታደር አባት ደግሞ ልጁ እስኪገኝ ይታሰራል። የእሱ አባት አስም አለበት፤ ሌሊት ሌሊት ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ከመንገዳቸው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ በልጁ ምክንያት ታስሮ በእግሩ ገብቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲወጣ ሠፈሩ ሁሉ አይቷል። አባቱ እዚያ እርጥብ ወለል ላይ አንድ ክረምት አይከርምም።

ብዙ አላሰበም፤ ጊዜም አልነበረውም። ካዝናዋን ከክሩ ፈትቶ ገጠመና፣ የተጠገነ መሣሪያ ወደሚሞከርበት፣ ከመጋዘኑ ኋላ ወዳለው የአፈር ክምር ሄደ። ዘይቴ ጥግ ላይ ቆመው ነበር። ጠመንጃዋንም፣ የልጁንም ፊት አዩ።

«ምኗን ነው የምትሞክረው?»

«ምላጯ ጠንከር ብሎብኝ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መዳቡን ትክ ብለው አዩት። «እንግዲያው ደህና አድርገህ ሞክራት» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ።

ካዝናው እስኪያልቅ ተኮሰ። አፈሙዙን አልወለወለም፤ ጥላሸቱ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አቆማት። ሻምበሉ መጥቶ ጠመንጃዋን ሲያነሳ፣ ታላቅየው እጁን ኋላው አጣምሮ ቆመ።

«ይቺስ?»

«ተተኩሶባታል፣ ጌታዬ።»

«ካዝናው?»

«ባዶ ነው።»

«ወድቋል» አለ ሻምበሉ፤ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ወንድምየው የሞተው እንዲህ ነው፤ ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

መርዶው ሲደርስ ቤቱ በእናትየው ጩኸት ተናወጠ። ታላቅየው ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ ሬሳ የሌለው ልቅሶ ላይ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። ዓይኑ ግን እንባ አላወጣም። «ብረት ሲነካካ ልቡም ብረት ሆነ» ብለው አሙት። እሱ ግን እናቱ ደረቷን በደቃች ቁጥር ጆሮዋ ሥር ሄዶ «አልሞተም» ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመልሰዋል። እናቱን ያውቃታላ። ሐዘን ትደብቅ ይሆናል፣ ደስታ መደበቅ ግን አልፈጠረባትም። ሳትስቅ ማደር አትችልም፤ ከሳቀች ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤት ካወቀ አባቱ ይወሰዳል። ስለዚህ ዝም አለ። ነገ ጦርነቱ ያልቃል፣ ልጁ በሩን አንኳኩቶ ይገባል፣ ይህ ሁሉ ለቅሶ ይረሳል እያለ ራሱን አጽናና።

አባትየው የገዛ አልጋው ላይ፣ ሚስቱና ልጁ በተቀመጡበት ሞተ። ያን ያህሉን ተሳክቶለታል። ያኔስ ለእናቱ ለምን አልነገራትም? ሊነግራት ነበር። ግን ዓመታት አልፈው ነበርና፣ አፈሙዝ ደፍኖ የሄደ ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠመው ማን ያውቃል? ሁለተኛ ጊዜ እንዳይገድልባት ፈራ። ዛሬ ነገ ሲል እርቅ ወረደና ምርኮኞች መመለስ ጀመሩ። ውትድርናውን ጨርሶ የአባቱን ሱቅ የከፈተው ታላቅየው አውቶቡስ በገባ ቁጥር ሱቁን እየዘጋ መናኸሪያ ይቆማል። የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። የምርኮኞቹ መምጣት ቆመ፤ ወንድሙ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ነው ጥርሱ የረገፈ፣ ሽበት ያለጊዜው የወረሰው አንድ ወጣት ቤታቸውን አጠያይቆ የመጣው። እናትየው ጥቁሯን እንደለበሰች በር ከፈተችለት። ታላቅየው ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ከልጅዎ ጋር አንድ ላይ ነው የተማረክነው፣ እማማ» አለ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ። «አብረን ነው የኖርነው። ሰላም ብሏችኋል።»

እናትየው ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የቱ ልጄ?»

«ታናሽየው ነዋ! እኛ ስንወጣ ደህና ነበር። ምርኮኛ የሚለቀቀው ከዚህ ወገን በስም ሲጠየቅ ነው። በሕይወት አለ የተባለ ሁሉ ተጠየቀ፤ የከዳ እንኳ ሳይቀር። የሱ ስም ግን አልተጠራም፤ ሞቷል ብለው ነው መሰለኝ። ካምፑ ከእኛ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ሲሉ ሰማሁ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።»

ታላቅየው ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ምርኮኛ የሚለቀቀው በጥያቄ መሆኑን ማን ነግሮት! ሙት እንደማይጠየቅ ማን ነግሮት!

«ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ምን አለ?» አለች እናትየው።

«አልደነገጠም፣ እማማ። ‹ጋሼ መሣሪያ ቤት ነው ያለው። ጠመንጃዬን ደፍኜ ቆልፌ የተውኳት እሱ እንዲያያት ነው። እሷን ካየ እንዳልሞትኩ ያውቃል፤ ዝም አይልም፣ ነገ ይጠሩኛል› አለን። የመጨረሻው መኪና ሲነሳም እየሳቀ ነው የሸኘን።»

እናትየው ወደ ታላቅ ልጇ ዞረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ገና እየለመነች ነበር።

«አላየሃትም አይደል፣ ልጄ? ጠመንጃዋ አልደረሰችህም አይደል?»

«ደርሳኛለች፣ እማዬ» አላት።