የሺአረግ ያስነበበቻት ልጅ

የሺአረግንና እኔን ያገናኘን ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን አስተማርን፤ እሷ ሦስተኛ «ሀ»ን፣ እኔ ሦስተኛ «ለ»ን። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ቺፕውድ ስለነበር የእሷ ክፍል ሲያነብ የእኔ ልጆች ጽሕፈታቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር።

መሸንቲ ተወልዳ ያደገች፣ አጠር ያለች፣ ቶሎ ተቆጥታ ቶሎ የምትበርድ ሴት ናት። አላገባችም። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን እናቷን ይዛ ሰባታሚት ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት እናቷን አጥባ፣ አብልታ፣ ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የምትመጣው። አርፍዳ አይቻት ግን አላውቅም።

ስልሳ ልጆች ነበሯት። ስልሳ ልጅ ባንድ ድምፅ ሲያስተጋባ የሚችለው ከማይችለው አይለይም፤ የማይችለው አፉን እያንቀሳቀሰ ዓመቱን ይጨርሳል። ይህ ያንገበግባት ነበር። አንድ መስከረም ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋች፣ የሰሌን ምንጣፍ አስመጣች፣ ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋ አስቀመጠች። በየምንጣፉ አንድ ጎበዝ አንባቢ፣ ሁለት የሚንተባተቡ፣ ሁለት ጭራሽ የማይችሉ። ያነበቡትን ደግሞ በእጃቸው ይሠሩታል። ስለ ሚዛን ካነበቡ ከቆርኪና ከሲባጎ ሚዛን ይሠራሉ፤ ስለ ንብ ካነበቡ ከጭቃ ቀፎ ያበጃሉ። ክፍሉ ይቆሽሻል፣ ይጮኻል፤ ርእሰ መምህራችን አቶ አስናቀ በመስኮት አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ልጆቹ ግን ያነብባሉ።

ጀሊላ ኅዳር ላይ መጣች፤ ስልሳ አንደኛ ሆና። አሥር ዓመቷ ነው፣ ፊደል አልቆጠረችም። አባቷ መስዑድ ከሐይቁ ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ወይጦ ከሚላቸው ወገን። ከእጃቸው አይበላም፣ አጠገባቸው አይቀመጡም የሚለውን ወሬ የከተማው ልጅ ሁሉ ሰምቶ ነው የሚያድገው። እኔም ሰምቼ ነው ያደግሁት። ጀሊላ የመጀመሪያ ቀን ምንጣፍ ላይ ስትቀመጥ ሁለት ልጆች ተነሥተው ቆሙ። የሺአረግ አልተቆጣችም። ጀሊላን እጇን ይዛ ወሰደቻትና ማህሌት አጠገብ አስቀመጠቻት። ያ ምንጣፍ ብቻ ስድስት ልጅ ያዘ።

ማህሌት ከክፍሉ አንደኛ አንባቢ ናት። እናቷ ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ ቤተሰቡ ከናዝሬት ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ልጅቷ ያን ወሬ አልሰማችም። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ታነብባለች፤ ጀሊላ የራሷን ጣት ከማህሌት ጣት ኋላ አስከትላ ትደግማለች። በእረፍት አንድ ዳቦ ለሁለት ሲገምጡ አይቻለሁ። ጥር ውስጥ አንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ፤ ሻከር ያለ፣ ቀስ ያለ፣ ነጥቡ ላይ ሲደርስ የሚያርፍ። ጀሊላ አንድ ገጽ ሙሉ ብቻዋን እያነበበች ነበር። የሺአረግ ወደ እኔ በር መጣችና ሳቀች።

የካቲት ላይ ስለ ውኃ ላይ መጓጓዣ አነበቡ። የእነ ማህሌት ምንጣፍ ታንኳ ልሥራ አለ። መስዑድ ቀጥ ቀጥ ያለውን ደረቅ ደንገል መርጠው በጀሊላ ላኩ። በዚያ ሳምንት የምታስተምረው ጀሊላ ሆነች። እንዴት እንደሚታሰር፣ አፍንጫው እንዴት ወደ ላይ እንደሚቀለበስ፣ ገመዱ ሲረጥብ እንዳይላላ በየት በኩል እንደሚጠለፍ አሳየቻቸው። ክንድ የሚያህል ታንኳ ወጣ። በሳፋ ውኃ ላይ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ።

ማህሌት ጣቷ በገመድ ተልጦ ቤቷ ገባች። እናቷ ማን አስተማረሽ አሏት፤ ነገረቻቸው። ጎረቤት የቀረውን ነገራቸው።

በማግስቱ እናትየው ሌሎች ሦስት ወላጆች አስከትለው አቶ አስናቀ ቢሮ ገቡ። የሰፈርም የዘርም ስም አልጠሩም። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሆድ ሕመም፣ ጎበዝ ልጅ ከደካማ ጋር ተቀምጦ ወደ ኋላ ስለ መቅረቱ ነበር ንግግራቸው። ሲሄዱ የሺአረግ ተጠራች። የሆነውን በኋላ እሷው ነገረችኝ። አቶ አስናቀ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጆቹን በችሎታ ለይታ እንድታስቀምጥ፣ ደካማ የሆነውን ለብቻ እንድታደርግ ነገሯት። ጀሊላ ደካማ አይደለችም ብትላቸው፣ እንግዲያውስ ፈትኛትና በወረቀት አሳዪኝ አሉ። ከዚያ ጢስ ዓባይ አስተማሪ እንደጎደለና የሚዛወር ሰው ስም ስጡ እንደተባሉ አነሡ። እናቷ እንዴት እንደሆኑም ጠየቋት።

ፈተናውን የሰጠችው እኔ ባለሁበት ነው። ሌላው ልጅ ሁሉ ከሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ አነበበ። ለጀሊላ ግን ከስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አንድ አንቀጽ ገለጠችላት። ልጅቷ መጽሐፉን ወደ ዐይኗ አስጠጋች። «አረንጓዴ ዕፀዋት» አለች፤ አለፈችው። «የፀሐይ ኃይል» አለች፤ አለፈችው። «ብርሃን አስተፃምሮ» ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ላብ በግንባሯ ወረደ።

«ቲቸር፣ ከላይ ጀምሬ ልድገመው?» አለች።

«ይበቃል» አለች የሺአረግ። ቀና ብላ አላየቻትም። በውጤት ወረቀቱ ላይ ንባብ ከሚለው አንጻር «ደካማ» ብላ ጻፈችና አጥፋ ሰጠቻት።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ላዘጋጀው የልጆች ሥራ አውደ ርእይ ካርዶቹን እንድጽፍ ታዘዝሁ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ይባላል። በታንኳው ካርድ ላይ አምስት ስም ሰጡኝ፤ አምስት ስም ጻፍሁ። የጀሊላን አልጻፍሁም።

ለአውደ ርእዩ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጡ፣ ወላጅም ሞላ። ጀሊላ በሩ አጠገብ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ማህሌት ነጭ ለብሳ ታንኳውን ታስረዳለች። አንድ እንግዳ ጎንበስ ብለው ገመዱ ሲረጥብ ለምን እንደማይላላ ጠየቋት። ማህሌት ጀሊላን ዞራ አየች። ጀሊላ ተነሣች፤ እጇ የመጥለፉን ምልክት መሥራት ጀምሮ ነበር።

«ተቀመጪ አንቺ» አሉ አቶ አስናቀ። ተቀመጠች። አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ።

ማህሌት «እሷ ናት የሠራችው» ማለት ስትጀምር እናቷ ትከሻዋን ይዘው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ መሯት። የማህሌት ቡድን አንደኛ ወጣ። የሺአረግ አጨበጨበች፤ አጠገቧ ቆሜ እኔም አጨበጨብሁ።

መስዑድ አጥሩ ዘንድ ቆመው ሁሉን አይተው ኖሯል። ሰኞ ጠዋት የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ወደ ቢሮ አልሄዱም፤ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ጀሊላ ከኋላቸው ናት።

«መምህርት፣ ልጄ ማንበብ አትችልም?» አሉ።

የሺአረግ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«ገና ናት» አለች። «ጊዜ ያስፈልጋታል።»

«ወረቀቱን እኔም እናቷም ማንበብ አንችልም» አሉ መስዑድ። «እሷ ናት ያነበበችልን፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ። ደካማ ይላል አለች። ሳትደናቀፍ ነው ያነበበችው፤ እርስዎ ካስተማሯት ወዲህ አትደናቀፍም።»

መስዑድ ልጃቸው መጽሐፎቹን አንድ ባንድ የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ እስክትመልስ ጠበቋት። ጀሊላ የመጨረሻውን መጽሐፍ ስታስቀምጥ የታጠፈ ጠርዙን በመዳፏ አቃናችው። ከዚያ ተያይዘው ሄዱ።

ግንቦት ላይ ለየሺአረግ የምስጉን መምህር የምስክር ወረቀት መጣላት፤ ልጆችን በችሎታ ለይታ በማስተማሯ። አቶ አስናቀ በሰልፍ ላይ አነበቡት። ወረቀቱን በተሰጣት ሳምንት አንድ ባለሥዕል የተረት መጽሐፍ ገዛችና አብረኸኝ ሂድ አለችኝ። ሐይቁ ዳር ወረድን። መስዑድ ውኃው አጠገብ ደንገል ለፀሐይ እየዘረጉ ነበር። ጀሊላ የለችም። ወረታ ሰው ቤት ገብታ ልጅ ትይዛለች አሉን፤ ከፋሲካ በፊት ነው የሄደችው። ማህሌትን ደጋግማ ትጠይቃቸው እንደነበርም ነገሩን። የሺአረግ መጽሐፉን ዘረጋችላቸው።

መስዑድ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ መጽሐፉን ተቀብለው ሥዕሉን አዩት። መልሰው ሰጧት።

«ይውሰዱት» አሉ። «እቤት የሚያነበው የለም።»

መንገድ ላይ አለቀሰች። ጥፋቱ የአቶ አስናቀ ነው፣ የእናትየዋ ነው፣ የሀገሩ ነው አልኋት። የራሴንም የእሷንም አላነሣሁም። መጽሐፉን ለሴት ልጅህ ስጥ ብላ በእጄ ትታልኝ ባጃጅ ያዘች።

ያ ልቅሶ ይለውጣታል ብዬ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ተጨነቀች፤ ከስታ ተመለሰች። መስከረም ላይ ምዝገባ ስንይዝ ከሐይቁ ዳር አንዲት እናት ሦስት ልጆች ይዘው መጡ፤ ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ፣ ፀጉራቸው በቅባት ወዝቶ፣ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው። ስማቸውን እኔ መዘገብሁ። የሺአረግ ልጆቹን ተራ በተራ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ ዞረች።

«እነዚህን ለብቻ ላስቀምጣቸው?» አለች።

አቶ አስናቀ ገና ምንም አላሉም ነበር።