ግማሽ ገጽ ለዳኛዋ

የያዙን በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሜይፌር የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ረፋድ ላይ ነው። የስደተኛ መታወቂያ ወረቀታችንን የሚያድስልን ቢሮ በኮሮና ከተዘጋ ወራት አልፈው ነበር። ዘጠኝ ሰዎች «ወረቀታችን ይታደስ» የሚል ጽሑፍ ይዘን፣ ማስክ አድርገን፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆምን። ፖሊሶቹ መሰብሰብ ክልክል ነው አሉና ሁላችንንም አንድ መኪና ውስጥ ትከሻ ለትከሻ አጭቀው ወሰዱን።

የታሰርንበት ክፍል ወለል ላይ ርቀት መጠበቂያ ቢጫ ምልክት ተለጥፏል። ምልክቱ አራት ነው። የሳኒታይዘሩ ሽታ ዓይን ያስነባል።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ወጣት ጠበቃ መጣች። ነገ ፍርድ ቤት እንደምንቀርብ፣ ዳኛዋ ግን የመዝገብ ክምር ስላለባት ለአንድ ሰው ከግማሽ ገጽ በላይ እንደማታነብ በፍርግርጉ በኩል ነገረችን። ማን እንደሆንን፣ ለምን እንደወጣንና ምን እንደምንፈልግ እንድንጽፍ፣ ለምናያይዘው ማስረጃም ሁለት ሁለት መስመር ማብራሪያ እንድናክል አሳስባ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ትታልን ሄደች።

ሳቄ መጣ። አገር ቤት ሳለሁ፣ በጻፍኩት ነገር ምክንያት እስክሰደድ ድረስ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረው ረጅም ጥናትን በግማሽ ገጽ አጠቃሎ መጻፍ ነበር። ይህን ስናገር ዳቬይተን ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያላቸው የሆሳዕና ሰው፣ በዕድሜ ታላቃችን፣ ጃኬታቸውን አጥፈው ተቀመጡበትና «እንግዲያው መምህር፣ ክፍል ገብተናል» አሉ።

በአማርኛ እንዲጽፉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስላቸው ተስማማን። ችግሩን፣ ያደረጋችሁትንና የምትፈልጉትን ብቻ ጻፉ አልኳቸው። ከመካከላችን አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ፤ «ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ልሂድ» ይላል። ባለስፓዛው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምረው ሦስት ገጽ ሞልተው ገና ሚስት አላገቡም ነበር። ስለ አገር ቤት በሬዎቻቸው የጻፉትን አንድ በአንድ ከጽሑፉ ስናወጣ ዘበኛው ሳይቀር ሳቃችንን ሰምቶ ሊያይ መጣ። ከመታወቂያ ወረቀታቸው ጎን የጻፉትን ማብራሪያ ግን ምንም አልነካሁትም፦ «ጊዜው ያለፈው እኔ ዘግይቼ አይደለም። አምስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በሩ ዝግ ነው።»

ተርጉሜ ስጨርስ ባለስፓዛው የእሳቸውን መልሼ በአማርኛ እንዳነብላቸው ጠየቁ። አነበብኩ። መጨረሻው ላይ አስቆሙኝ።

«በትህትና እለምናለሁ የሚለውን ማን ጻፈው?»

እኔ እንደጨመርኩት፣ ለዳኛ እንደዚያ መጻፍ የተለመደ መሆኑን ነገርኳቸው።

«የምለምነው ጌታን ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ዳኛዋን እጠይቃታለሁ። እጠይቃለሁ ብለህ ጻፍልኝ፣ መምህር።»

ሰረዝኩት። ፀጉር አስተካካዩም የእሱ እንዲስተካከል ጠየቀ፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። የራሴን ወረቀት ሳየው እኔም ለምኛለሁ። እሱንም ሰረዝኩ። ጠበቃዋ ስትመጣ ዘጠኙንም ወረቀት ባለስፓዛው በሁለት እጃቸው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ሰጧት።

በማግስቱ ዳኛዋ ሁሉንም አነበበች፤ በማስጠንቀቂያም ለቀቀችን። የባለስፓዛው ወረቀት የታደሰው ግን ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬም ሱቃቸው ስሄድ ለደንበኞቻቸው መምህሬ ነው እያሉ ያስተዋውቁኛል።

እኔ አሁን ጥናት ለሚጽፉ ተማሪዎች በኦንላይን አስተምራለሁ። ድሮ በቀይ አርሜ መመለስ ብቻ ነበር ሥራዬ። አሁን ካረምኩ በኋላ ጮክ ብዬ አነብላቸውና ያሉት ይህንኑ መሆኑን እጠይቃቸዋለሁ። አይደለም ካሉኝ እሰርዛለሁ።