አፍንጫ የሌለው ወታደር

እርጥብ ኖራ በሸተተኝ ቁጥር ያ አስቀያሚ ሐውልት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ባለፈው ሳምንት የማስተምርበትን ትምህርት ቤት አጥር ኖራ ሲቀቡት መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ። ተማሪዎቼ “ቲቸር፣ ታፈንን እኮ!” አሉኝ። ለእነሱ ምን ብዬ ላስረዳ? አንቺ ግን ስለጠየቅሽኝ ልንገርሽ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተመድቦ ስለመጣ እኔ ያደግኩት ጂንካ ነው። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ የበና ብሔረሰብ ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ቀይ አፈር ከተማ አጠገብ ያለ መንደር ይኖራሉ፤ እሷ ለትምህርት ስትል ጂንካ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ቀልድ ስትሰማ መጀመሪያ ዝም ትልና፣ ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ብቻዋን ትጀምራለች። ያኔ ማንም አያቆማትም።

አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳለን አንድ ኃላፊ መጣ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሷል፤ ክራቫቱ አንገቱን አንቆታል። የውጭ እንግዳ ሊመጣ ነው አለን። እንግዳው፣ አባቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ እዚህ አገር የዘመተ ሽማግሌ ነው። ጣሊያኖቹ ለሞቱባቸው ወታደሮች ብለው ከቀይ አፈር ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ያቆሙት ሐውልት አለ፤ እሱ ላይ አበባ ሊያስቀምጥ ነው የሚመጣው። እኛስ? ዩኒፎርማችንን አጥበን፣ ተሰልፈን፣ ልናጨበጭብ! ኃላፊው “ፕሮቶኮል ነው” አለ። ያቺን ቃል ከረሜላ እንዳገኘ ልጅ አፉ ውስጥ እያገላበጠ ደጋግሞ አላት።

በአይሱዙ ጭነው ወሰዱን። መንገዱ አቧራ በአቧራ ነው፤ ጥርሳችን ሥር አሸዋው ይንኮሻኮሻል። ሌላው ሲዘፍን ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“አያቴ ሐውልቱ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሟል” አለችኝ። “በገመድ አስረው ነው የወሰዱት። ጀርባው ላይ ያለው የጅራፍ ጠባሳ እስኪሞት አልጠፋም። አባቴ እስካሁን በዛ ኮረብታ በኩል አያልፍም።”

እሷም አይታው አታውቅም። ከመኪናው ስንወርድ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። እኔም አንድ የሚያስፈራ ግዙፍ ነገር ጠብቄ ነበር።

ከአንድ አጭር ሰው ብዙም የማይበልጥ የሲሚንቶ ወታደር ቆሟል። አፉን ከፍቷል፤ አፍንጫው ተሸርፎ ወድቋል። ለእንግዳው ክብር በዚያው ጠዋት ኖራ ስለቀቡት ገና አልደረቀም፤ ሽታው ከሩቅ ይሰነፍጣል። ከሥሩ በባዕድ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። የታሪክ አስተማሪያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ለሥልጣኔ ለወደቁ ይላል” አለን፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሥልጣኔ! ሰው እንደ አህያ እየጫኑ፣ እየገረፉ! ድንጋዩን ተሸክመው እዚያው የቀሩት ሰዎች ስም የትም የለም። ከጀርባው አንዲት ፍየል ጎኗን ሐውልቱ ላይ ታክካለች፤ ዞር ስትል ግማሽ አካሏ ነጭ ሆኗል።

ጓደኛዬ እጄን ለቀቀች። ወታደሩን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

“ይሄ ነው?” አለች። “አባቴን የሚያስፈራው ይሄ ነው?”

እንግዳው አበባውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። ኃላፊው ፎቶ ለመነሳት ተጣደፈና፣ የወዳጅ ትከሻ ይመስል ሐውልቱን ተደግፎ ቆመ። ፎቶው አልቆ ፊቱን ሲያዞር ያ ጥቁር ሱፍ ከጀርባው እስከ መቀመጫው ነጭ ሆኗል። ልክ እንደ ፍየሏ።

ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች! ኮረብታው አስተጋባ። እኔ ተከተልኩ፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ። ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ምን እንደሆንን ጠየቀ። ኃላፊው ጀርባውን በእጁ እየዳበሰ፣ “ተማሪዎቹ እርስዎን በማየታቸው ተደስተው ነው” ብሎ አስተረጎመ።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ጓደኛዬን ብቻ ሰልፉ ፊት አወጣትና ይቅርታ ጠይቂ አላት። እኔ እጄን አውጥቼ “እኔም ስቄያለሁ” አልኩ። “አንቺ ዝም በይ፣ አባትሽን አውቃቸዋለሁ” አለኝ። የእሷን አባት አያውቃቸውም፤ ያ ለእሱ በቂ ምክንያት ነበር።

እሷ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ “ያ ሰውዬ መጀመሪያ አያቴን ይቅርታ ይጠይቅ” አለች።

ወላጅ አምጪ ተባለች። አባቷ በርኮታቸውን፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን ይዘው መጡ፤ እኛ የቢሮው መስኮት ሥር ቆመን ሰማን።

“ልጅ ሰው መታ?” አሉ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

“አልመታችም።”

“ሰረቀ?”

“ኧረ አልሰረቀችም። ሐውልቱ ላይ ሳቀች። በእንግዳ ፊት!”

“ሐውልት ላይ ሳቀ” አሉ አባቷ፣ ቀስ ብለው። “እኔ አልቻልኩም። እሱ ቻለ። በቃ፣ ቤት እንሂድ።”

ርዕሰ መምህሩ ለመገላገል ቸኩሎ ስለነበር ቆዩ እንኳ አላላቸውም። አባቷ ልጃቸው ስላኮራቻቸው ቀና ብለው ወጡ። እሷ ግን ኮርታ አልነበረም የወጣችው። የግቢው በር ጋ ስትደርስ ወደ ክፍላችን ዞራ አየች፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ። ከትምህርቷ መቅረት አልፈለገችም ነበር። የጠየቃት የለም።

ኃላፊው ሹመት በሹመት ሲደራርብ ኖረ። ሐውልቱም እዚያው ነው፤ አሁን ቱሪስት እየወሰዱ ያሳዩታል።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ዲመካ ከተማ ሄጄ፣ ገበያው መሐል ስሜን የሚጠራ ድምፅ ሰማሁ። እሷ ናት። አግብታ እዚያ ትኖራለች፤ ማሽላ ይዛ ተቀምጣለች፣ ሕፃን አቅፋ። ተቃቅፈን አለቀስን። ስለ ጓደኞቻችን የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

“እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን ተማራችሁ?” አለችኝ። “ባዮሎጂ ልብ ጋ ስንደርስ ነው የወጣሁት። መምህሩ ደሙ ወደ ሳንባ ሄደ ሲል ደወል ተደወለ። ከዚያስ?”

ቁጢጥ ብዬ አፈሩ ላይ በእንጨት ልብ ሣልኩላት፤ ሙሉውን፣ ከነክፍሎቹ። በጣቷ እየተከተለች፣ “ከሳንባ ሲመለስ በየት ነው የሚገባው?” አለች። አሳየኋት። ረዳቱ “ጂንካ! ጂንካ!” እያለ ሚኒባሱን ይደበድባል።

“ሂጂ፣ ጥሎሽ እንዳይሄድ” አለችኝ።

መኪናው ሲነሳ በመስኮት አየኋት። ሕፃኑን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው የገበያተኛውን እግር ከሥዕሉ ላይ እየመለሰች ነበር።